ጸሎቱ አልጠፋኝም፤ የጠፋኝ «ውሃ» ነው

ይህን የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትጽፈው ልጄ ብርቱካን ናት። ቃል ሲያጥረኝ በእጄ አሳያታለሁ፣ ወይም በስልኳ ካሉት ፎቶዎች አንዱን እጠቁማታለሁ፤ እሷ ስሙን ትነግረኛለች፣ ከዚያ እቀጥላለሁ። ስለዚህ እዚህ ውስጥ ያማረ ቃል ካገኛችሁ የሷ ነው፤ ንዴቱ ግን የኔ ነው። አንዷን ገጽ ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈጅቶብናል። ሁለት ጊዜ ተጣልተናል፤ «እንዲህ አላልሁም» እላታለሁ፣ «ብለዋል አባባ» ትለኛለች።

አስረስ እባላለሁ። ጎንደር ከተማ ዳር ባለች አንዲት ደብር ውስጥ ንባብና የቃል ጸሎት ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ልጆቹም ወላጆቻቸውም የኔታ ይሉኛል። አገሬ ጭልጋ ነው፣ ከአይከል ወጣ ብሎ። የቃል ትምህርት ማለት ለማያውቀው ልንገረው፦ መጽሐፍ አይገለጥም። መምህሩ ይላል፣ ልጁ ይቀበላል፤ ድምፁ እስኪዘጋ ይለዋል፣ ነገ ያችኑ ይዞ ሌላ ይጨምርባታል። መምህሩ ጆሮ ነው። ልጁ አንዲት ቃል ቢዘል መምህሩ ተኝቶም ቢሆን ይነቃል። እኔ እንዲያ ነኝ፤ ነበርሁ ማለቴ ነው። የምንኖርባት ቤትም የደብሩ ናት፤ ወንበሩን የያዘው መምህር ይኖርባታል፣ ወንበሩን የለቀቀ ቤቱንም ይለቃል። ከታመምሁበት ዕለት ጀምሮ የኔም የባለቤቴም ጭንቀት አንድ ነበር፤ ወንበሩ ላይ እመለሳለሁ ወይስ አልመለስም።

ልጄ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። ጉርድ ፎቶ ታነሣለች፣ የሠርግ አልበም ታሰናዳለች። ሥራዋን አልወደድሁላትም ነበር። «ምነው አንቺ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ስትለቅሚ የምትውይው? ማስታወስ ያቃተው ሰው ነው ፎቶ የሚነሣ» እላት ነበር። እሷም መልስ አታጣም። አንድ ቀን «እስቲ የአያቴን መልክ በቃል ይንገሩኝ» አለችኝ። ጀመርሁ፤ ረዘም ያለች፣ ጠይም፣ አፍንጫ ሰልካካ፣ ጥርሰ ፍንጭት። «ይህማ የጭልጋ ሴት ሁሉ ነው» አለችና ሳቀች። በጣም ተናደድሁባት። እናቴ ዓይኔ ላይ ቁጭ ብላ እያየኋት ለልጄ ላሳያት አልቻልሁም።

ራስ ምታቱ የጀመረኝ በጾም ወቅት ስለነበር ከጾሙ ነው ብዬ ችላ አልሁት። ፋሲካም አለፈ፣ እሱ አላለፈም። ማጅራቴን ጨምድዶ ይይዘኛል፣ ጠዋት ስነሣ ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ አለ። አንዱ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለኝ። ክኒኑን ጨረስሁ፣ ራሴ እንዳለ ነው። ሁለተኛው የጨጓራ ነው ብሎ የሚጠጣ ነጭ ነገር ሰጠኝ። ሦስተኛው ዓይኔን አይቶ መነጽር አዘዘልኝ፤ መነጽሩን አድርጌ ራስ ምታቴን ጠርቶ አየሁት። ከሦስቱ አንዱም ክንዴን አስሮ ግፊቴን አልለካም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ምን እንደሚጠየቅ ማን ነግሮኝ።

የለካኝ ማክሰኝት ያገኘሁት አንድ ነርስ ነው። ለዘመድ ተዝካር ሄጄ ራሴ ሊፈነዳ ሲል ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ሰውዬው ለካኝ፣ ድጋሚ ለካኝ፣ ፊቱ ተለወጠ። የነገረኝን አሁን ቃል በቃል የማውቀው ኋላ ካርዴ ላይ ጽፎት ስለተገኘ ነው፦ ክኒኑን በየቀኑ ጠዋት አንድ ይውሰዱ፣ ራስዎን ቢያምዎትም ባያምዎትም፣ ቢሻልዎትም አያቋርጡ። ሲነግረኝ «አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አለኝ፣ እንደያዝሁት ሊያይ። ሳቅሁበት። «ልጄ፣ እኔ ከዋዜማ እስከ ንጋት የሚደገም ነገር በቃሌ የያዝሁ ሰው ነኝ፤ ያንተ አራት ቃል ያቅተኛል ብለህ ነው?» አልሁት። አፍሮ አጎነበሰና ካርዴ ላይ ጻፈ።

ጎንደር ስደርስ በቃሌ የነበረው ይህ ነው፦ ራስዎን ሲያምዎት አንድ ይውሰዱ። ይህንንም ለባለቤቴ ነገርኋት፣ እሷም ይህንኑ ያዘች። ሲያመኝ እውጣለሁ፣ ሲተወኝ እተዋለሁ። የዚያን ነርስ ቃል ገልብጬ ያዝሁት። የሚገርመው ግን፣ ያን ክፍል እንደ ትናንት ነው የማየው። የጋዋኑ ሁለተኛ ቁልፍ የለም፤ ክፍተቱን በነጩ ጨርቅ ላይ በጥቁር ክር ሰፍቶታል። ግድግዳው ላይ የልብ ሥዕል ተለጥፏል፣ አንዱ ጠርዙ ተላጦ ተንጠልጥሏል። መስኮቱ ላይ አንዲት ዶሮ ቆማለች። ዶሮዋን ያስታወሰ ጭንቅላት «በየቀኑ» የምትለዋን አንዲት ቃል ጣላት። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

የታመምሁባት ጠዋት ልጆቹ ከደጃችን ጽድ ሥር ተቀምጠው እያሰሙኝ ነበር። ጉሮሮዬ ደረቀ። አጠገቤ ያለውን ልጅ ውሃ አምጣልኝ ልለው አፌን ከፈትሁ፣ «በር አምጣልኝ» አልሁት። ልጁ አየኝ። «በር!» አልሁ ጮክ ብዬ። ልጆቹ ሳቁ፤ የኔታ ዛሬ ጨዋታ አምሯቸዋል ብለው። ውሃን አየዋለሁ፤ እንስራው ቤት ውስጥ በስተቀኝ ነው፣ ጣሳው ከላዩ ተደፍቷል፣ ቅዝቃዜው ከንፈሬ ላይ አለ። ቃሏ ግን የለችም። ከኋላዬ ያለች ይመስል ዞሬ ፈለግኋት። የቀኝ እጄ ጣቶች ደነዘዙ።

ባለቤቴ በላይነሽ እየሮጠች መጣች። «ምነው የኔታ? ምን ሆኑ?» አለች። ስሟን ልጠራት ስል «እርሻ» ብዬ ጠራኋት። «የምን እርሻ?» አለችኝ ደንግጣ። ጎረቤት ተሰብስቦ ወደ ቤት አስገባኝ። ምች ነው ተባለ፣ ዳማከሴ ተጨምቆ በአፍንጫዬ ገባ። ከዚያ የደብራችን አለቃ መጡ። አለቃ የልጅነት ወዳጄ ናቸው፣ አንድ ጉባኤ ነው የተማርነው። አጠገቤ ተቀመጡና እጄን ይዘው «የኔታ፣ እስቲ የዘወትር ጸሎቱን ይድገሙልኝ» አሉኝ፤ የመጀመሪያዋን ቃልም ራሳቸው አነሡልኝ።

ቃሉን ይዤ ሄድሁ። አንዲት ሳልዘል፣ አንዲት ሳልደናቀፍ እስከ መጨረሻው ደገምሁት። ከዚያም ቀጣዩን። ቤት የሞላው ሰው እፎይ አለ፣ ባለቤቴ እንባዋን ጠረገች። አለቃ «ልቡም ምላሱም ደህና ነው። ድካም ነው፤ ትንሽ የዓይነ ጥላ ነገርም ይኖርበታል። ጠበል ይግባ» አሉ። ማንም ክፋት አልነበረበትም። በኛ ዘንድ ሰው የሚመረመረው እንዲያ ነው። ተማሪ ንዳድ ይዞት ሲነሣ መምህሩ «ድገም» ይለዋል፤ ከደገመ ድኗል። አረጋዊ ቄስ ሲደክሙ «ጸሎታቸውን ይይዛሉ ወይ?» ተብሎ ነው የሚጠየቀው። እኔ ራሴ ስንቱን እንዲያ መርምሬአለሁ። ያን ዕለት አንድ ሰው ጣሳውን አንሥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ቢለኝ ጉዱ ይወጣ ነበር። ማንም አላለኝም። ውሃ ምን እንደሚባል ለአንድ መምህር የሚጠይቅ ማን አለ?

ጠበሉ ቦታ ሦስት ቀን ቆየሁ። ጠበሉን አልወቅስም፤ እዚያ ያሉት አባት ለሰው ሁሉ «የሐኪም መድኃኒት ያላችሁ እንዳታቋርጡ» እያሉ ይናገራሉ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን ክኒን የምትለውን ቃል ከየት ላምጣት? ክኒኑ ቤት፣ ሳጥኑ ላይ፣ ከመነጽሬ አጠገብ ተቀምጦ ይታየኛል። እጄን ወደ አፌ እወስዳለሁ፣ ቆሎ ያቀርቡልኛል። እንደገና እወስዳለሁ፣ ውሃ ይሰጡኛል። ሲጨንቀኝ ጸሎት እጀምራለሁ፣ እሱ ብቻ ነው እሺ የሚለኝ፤ ስጸልይ ደግሞ ሰው ሁሉ ተሻለው ይላል። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ሚስቴ ልትረዳኝ እየፈለገች እኔ በራሴ ጸሎት ተከድኜ ነበር።

ብርቱካን ከመታመሜ በፊት ለሠርግ ፎቶ አይከል ሄዳ መንገድ ተዘግቶባት ከረመች። በአራተኛው ቀን መንገድ ሲከፈት በቀጥታ ወዳለሁበት መጣች። ሰላም ልትለኝ ጎንበስ አለችና ቀና ሳትል ቀረች። «አባባ፣ አፍዎ ወዴት ነው የሄደው?» አለች። እናቷ «ደህና ነው፣ ጠዋት እንኳ ሲጸልይ ነበር» አለቻት። አለቃም ሊጠይቁኝ መጥተው ነበርና «ምንም አልሆነም፣ ሰምተነዋል» አሉ። ልጄ ክርክር አልገጠመችም። ስልኳን አወጣች። ከሁለት ወር በፊት ለመታወቂያ ብላ ያነሣችኝን ጉርድ ፎቶ አወጣችና ከፊቴ ጎን ያዘችው። «እማ፣ እዪው። አለቃ፣ እርስዎም ይዩት» አለች።

ባለቤቴ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች። በቀኝ በኩል ያለው የአፌ ጫፍ ወርዶ፣ ዓይኔም በዚያው በኩል ዝቅ ብሎ ነበር። አራት ቀን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጣ አላየችውም፤ ስትሰማኝ ነበርና። እጇን በአፏ ላይ ጫነች። አለቃ ፎቶውን ከልጄ እጅ ተቀብለው ብዙ ጊዜ አዩት። ባጃጅ የጠሩትም እሳቸው ናቸው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ቀኝ እግሬም መጎተት ጀምሮ ነበር። የምንጠብቅበት ኮሪደር አንድ አግዳሚ ብቻ ነው ያለው፤ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ከጠዳ የመጣች አንዲት ሴት፣ ልጇን አቅፋ፣ የራሷ ጭንቅ አልበቃ ብሏት ተነሥታ ቦታዋን ሰጠችኝ። እግዜር ይስጥልኝ ልላት ብዬ «ሰኞ» አልኋት። «አሜን» አለችኝ፣ ቅር እንኳ አላላትም። ስሟን አላውቅም፤ የልጇን ቀይ ኮፍያ ግን እስክሞት አልረሳውም።

ወጣት ሐኪም ነበር። ፊቴን አየ፣ እጄን አስነሣኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣና «አባቴ፣ ይህ ምን ይባላል?» አለኝ። አራት ቀን ሙሉ የጠበቅሁት ጥያቄ ይህ ነበር። መልሱ አልነበረኝም። ቁልፉን አሳየኝ፣ ሰዓቱን አሳየኝ፤ ምን እንደሚሠሩ በእጄ አሳየሁት፣ ስማቸውን ግን አጣሁት። አለቀስሁ። ባለቤቴ የጠፋብኝ ቃል ስንት እንደሆነ ያኔ ነው የገባት፤ እሷም አጠገቤ አለቀሰች።

የራስ ቅሌ በማሽን ፎቶ ተነሣ። ሐኪሙ ፎቶውን አሳየን፤ በግራ በኩል አንድ ጥቁር ቦታ አለ፣ እንቁላል ያህል። ግፊቱ በመድኃኒት ሳይያዝ ቆይቶ የጭንቅላት ደም ሥር ተዘግቷል፣ ስትሮክ ነው፣ የንግግሩ ቦታ ተጎድቷል፤ የመጀመሪያው ቀን ትንሽ የነበረው በሦስቱ ቀን ሰፍቷል አለን። ጸሎቱስ እንዴት ቀረለት ብላ ልጄ ጠየቀችው። ዘመን ሙሉ የተደጋገመ ነገር ራሱን ችሎ ይወጣል፣ አዲስ ቃል ፈልጎ ማውጣት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ያኛው ስለ ወጣ ይኼኛው አለ ማለት አይደለም ብሎ መለሰላት። እኔ ከዚህ ሁሉ ያስቀረሁት እንቁላል የምታህለውን ጥቁር ቦታ ብቻ ነው። ስንወጣ ልጄ እናቷን ጠየቀቻት፣ እሷም እንዲሁ ጥቁሩን ቦታ እንጂ ንግግሩን አልያዘችም። ንግግሩን እዚህ ያሰፈረችው ብርቱካን ናት፣ በስልኳ ቀድታው ነበር።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ እይዘዋለሁ አትበሉ። ካህንም ሁኑ ነጋዴ አትያዙትም፤ ፍርሃት ያለበት ጆሮ ቀዳዳ ነው። ይጻፍላችሁ። ማንበብ የማይችል ካለ ይሣልለት፤ ፀሐይ ስትወጣ አንድ፣ ስትጠልቅ አንድ። ሆስፒታሉ ያዘዘልኝ ክኒን አሁን የሚዋጠው እንዲያ ነው፤ ልጄ ካርቶን ላይ ፀሐይ ሥላ ከክኒኑ ፎቶ ጋር በሩ ላይ ለጥፋዋለች። ቤታችሁ ሰው ቃል ሲምታታበት ደግሞ አታስጸልዩት። ማንኪያ አሳዩት፣ ይህ ምንድን ነው በሉት፤ ፈገግ በል በሉት፣ ሁለቱን እጅህን አንሣ በሉት። ካቃተው ያንኑ ሰዓት ይዛችሁት ውጡ።

ከሆስፒታል ስወጣ እግሬ ተሻለው፣ እጄም ቀስ እያለ መጣ። አፌ ቀረ። ለእጄ ልምምድ የምታሠራኝ ሲስተር ለልጄ አንድ ምክር ሰጠቻት፤ ዕቃውን በሥዕል አሳዪው፣ የመጀመሪያውን ፊደል በይለት፣ ከዚያ ታግሠሽ ጠብቂ። ብርቱካን ቤታችን ያለውን ሁሉ ፎቶ አነሣችው። ጣሳውን፣ ድስቱን፣ ጋቢዬን፣ ሽንት ቤቱን፣ ጎረቤቶቻችንን፣ የእናቷን ፊት። በጉርድ ፎቶ መጠን አተመችና በክር ሰፋቻቸው። መጀመሪያ ከሥራቸው ስማቸውን ጽፋ ነበር። ፊደሉን አነበዋለሁ፣ ድምፁ ይወጣል፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን አይገባኝም። ንባብ ያስተማርሁ ሰው «ድ፣ ስ፣ ት» ብዬ ድስትን አላገኘውም። ሥዕሉን ሳይ ግን ሽታው ሁሉ ይመጣል። ጽሑፉን ቆርጣ ጣለችው።

ሲርበኝ ፎቶ እጠቁማለሁ፣ ሲያመኝ ፎቶ እጠቁማለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ አልወደደችውም። «የስንቱ መምህር እንደ ሕፃን ሥዕል ሲያገላብጥ ይዋል?» ትል ነበር፣ እንግዳ ሲመጣ ፎቶዎቹን ትደብቃቸዋለች። አንድ ቀን እንግዳ ተቀምጦ ሽንቴ መጣ፣ ፎቶው የለም። የሆነውን አልናገርም። ከዚያ በኋላ ፎቶዎቹን ራሷ ባንገቷ አንጠልጥላቸው መዞር ጀመረች። ለሕክምናው ወንድሜ ጊደር ሸጠልኝ፤ እሷ የሠርጓን ድሪ፣ የአንገት ጌጧን፣ አውጥታ ሸጠች፤ አንድ ቀን እንኳ አላነሣችብኝም።

ቃሎቹ አንድ አንድ እያሉ መጡ። መጀመሪያ የመጣችው «ጨው» ናት፣ ያውም የተከለከልኋት። ከዚያ «ጋቢ»። «ውሃ» የመጣችው ከሦስት ወር በኋላ ነው። በላይነሽን ግን እርሻ እያልሁ ነው የምጠራት፣ አልወጣ አለኝ። አንድ ቀን ይህን ስል ልጄ ስታርመኝ እናቷ «ተይው፣ እርሻም ብሎ እኔን እያየ ነው የሚጠራ፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ» አለች። ያን ዕለት በጣም ወደድኋት። ብዙ ጊዜም አልተናገርሁትም፤ ይኸው አሁን በልጄ እጅ ተጻፈ።

ስድስት ወር ሲሞላ የሰበካ ጉባኤው ጠራኝ። ወንበሩን እስከዚያ ድረስ የያዘልኝ የራሴ ተማሪ ዲያቆን ሙሉቀን ነበር። «ይድገሙልን» አሉ፣ ደገምሁላቸው። ከታመምሁ ጀምሮ ያልጠፋኝን ነገር ደገምሁላቸውና ድኗል ተባለ። ለመናገር አፌን ከፈትሁ፤ ባለቤቴ ከሴቶቹ መካከል ቆማ እያየችኝ ነው። ቤቷን ነው የምታየው። አፌን ዘጋሁ። ወንበሬ ላይ ተመለስሁ።

ሁለት ወር አስተማርሁ። ልጆቹ ያሰማሉ፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ዜማው ይመጣልኛል፣ ቃሉ ግን እየተያያዘ ያልፈኛል። ልጅ መካከል ላይ ቆሞ «የኔታ፣ ቀጥሎስ?» ሲለኝ ከመጀመሪያው ካልተነሣሁ አላገኘውም፤ ስነሣም ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው፣ እንዳይታወቅብኝ። አንድ ቀን ከቤቱ ጓሮ ተቀምጬ ሙሉቀን ልጆቹን ሲያነጋግር ሰማሁ። «እዚህ ላይ ሁለት ቃል ዘለላችሁ፤ ማን ነው እንዲህ ያስተማራችሁ?» አላቸው።  አንደኛው «የኔታ» አለ። «የኔታ አይዘሉም» አለው ሙሉቀን በቁጣ፣ ልጁን መታው።

ልጁ ያለቀሰው በኔ ጥፋት ነው። እንቅልፍ አጣሁ። በቃል ገብቶ የተቀመጠ ስሕተት እንዴት እንደሚወጣ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አይወጣም። እነዚያ ልጆች ነገ ያስተምራሉ፣ የዘለሉትንም ይዘውት ይሄዳሉ። ለባለቤቴ ነገርኋት፣ ግማሹን በቃል ግማሹን በእጄ። «ሙሉቀን ያርማቸዋል፤ እኛ የት እንገባለን የኔታ?» አለችኝ።   በአራተኛው ቀን ነጠላዋን ለበሰችና «ሂዱ እንግዲህ፣ አብሬዎት እመጣለሁ» አለችኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተሰብስበው አገኘኋቸው። ወንበሩን እለቃለሁ አልሁ። አለቃ ሳቁ። «ምነው የኔታ፣ ትሕትና አበዙ። እስቲ ይድገሙልን» አሉ። ደገምሁ፤ አንዲት አልጎደለችም። «ሰማችሁ? ምን ጎደለው ይህ ሰው?» አሉ ዙሪያውን እያዩ።

የያዝሁትን ዘንግ ከመሬት ላይ ጋደም አደረግሁት። ካህን ሁሉ በማሕሌት ተደግፎበት የሚያድረውን ነው፤ ልጄ እዚህ ጋ መቋሚያ ብላ ጽፋለች። «ይህን ጠይቁኝ» አልሁ። አለቃ አልገባቸውም። «ምኑን?» አሉ። «ምን ይባላል ብላችሁ ጠይቁኝ።»

«እሺ፣ ምን ይባላል?» አሉ፣ እንደ መሳቅ እያሉ።

አየሁት። የተቆረጠባትን ወይራ አየኋት፣ እኔን ያስተማሩኝ የኔታ በጉልበታቸው ደግፈው ሲልጡት፣ ላባቸው በአፍንጫቸው ጫፍ ተንጠልጥሎ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም። አፌን ከፍቼ ጠበቅሁ። ሁሉም ጠበቀ። «ደመና» አልሁ።

ማንም አልሳቀም። አለቃ ወደኔ ቀረቡ። ድምፃቸው ከሩቅ የመጣ ያህል ቀጭን ነበር። «ያን ዕለት ጠዋትም፣ ጸሎቱን ሳስደግምዎት፣ እንዲህ ነበሩ?» አሉኝ።

«አዎ» አልሁ። ይህች ቃል አልጠፋችብኝም።

ጎንበስ ብለው መቋሚያውን አነሡና በእጄ አስያዙኝ፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፏቸው። ስሙን ሊነግሩኝ ሞከሩ፣ እሳቸውም አልወጣላቸውም፤ እያለቀሱ ነበር።